ቢላ ያልነካው አንጎል

በ፲፱፻፶፩ ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር፣ በሳጉሬ ሜዳ ላይ ውርጭ መውረድ በጀመረበት ሰሞን፣ የቀኛዝማች ካሣዬ በጎች መዞር ጀመሩ። መዞር ስል ሣር ፍለጋ ወዲያና ወዲህ አሉ ማለቴ አይደለም፤ አንዱ በግ ከመንጋው ይነጠልና አንገቱን ወደ አንድ ወገን ጠምዝዞ በቆመበት ክብ ይሠራል፤ ሲዞር ሲዞር ይቆይና ግንባሩን ከአጥር አላትሞ ይወድቃል። አገሩ ይህን በሽታ አዙሪት ይለዋል። አዙሪት ለአሩሲ ደጋ እንግዳ አልነበረም፤ በየዓመቱ አንድ ሁለት በግ ይወስዳል፤ ሰዉም የታመመውን አርዶ፣ ጭንቅላቱን ግን «ይህስ የተረገመ ነው» ብሎ ለውሻ ወርውሮ፣ ሥጋውን በልቶ ዝም ይላል። በዚያ ዓመት ግን ዝም የሚባል አልሆነም፤ ከጭላሎ ግርጌ እስከ ቀኛዝማቹ ግቢ በር ድረስ የመንጋው እኩሌታ ዞሮ አለቀ።

ቀኛዝማች ካሣዬ አያታቸው ከሸዋ መጥተው በዚህ ምድር የሰፈሩ ባለርስት ናቸው። በጠላት ወረራ ዘመን ዱር ገብተው አምስቱን ዓመት ተርፈዋል፤ የተረፉትም በአንዲት ውሻ ነው ይባላል፤ ጠላት ዋሻቸውን ሊከብ ሲመጣ ጮኻ ቀሰቀሰቻቸው። ከዚያ ወዲህ ግቢያቸው ከውሻ ተለይቶ አያውቅም፤ የዚያች ውሻ ዘሮች ናቸው የሚባሉት አምስቱ ውሾቻቸው ከሰው እኩል ሥጋ ይበላሉ፣ በተለይም ጃኖ የሚባለው ትልቁ ከእግራቸው ሥር አይጠፋም ነበር።

በጎቹን የሚጠብቀው ጭሰኛቸው ሁሴኖ ነው። መሬታቸውን ያርሳል፣ መንጋቸውን ያግዳል፣ ከግልገሉ ድርሻውን ይወስዳል። ሚስቱ ዙሀራ የሕፃናት ሆድ ቁርጠት የሚያስታግሥ ሥር ስለምታውቅ የመንደሩ እናቶች ይመላለሱባታል፤ ደግሞ ሥር የሚያውቅ ሰው ያው እንደምታውቁት ነው፣ ልጅ ሲድን ይመረቃል፣ ከብት ሲሞት ይታማል። ከዓመት በፊት ሁሴኖ የግልገል ድርሻው ከፍ እንዲልለት ጠይቆ ቀኛዝማቹ አሻፈረኝ ብለውት ስለ ነበር፣ ወሬኛ ሁለቱን ነገር ገጠመና ዙሀራ በቂም በጎቹን መድኃኒት አበላች ተባለ። ቀኛዝማቹም አመኑ፤ ባልና ሚስቱ በመርዘኝነት ተፈርዶባቸው ከመሬቱ እንዲባረሩ ለአጥቢያው ዳኛ ለግራዝማች ወልደሰንበት ከሰሱ። በመርዘኝነት የተባረረ ጭሰኛን ደግሞ ሌላ ባለርስት አያስጠጋውም፤ ስለዚህ ለሁሴኖና ለዙሀራ ነገሩ የአንድ ማሳ ጉዳይ አልነበረም፣ የመኖሪያ አገር ማጣት ነበር።

ዳኛው አስተዋይ ሰው ነበሩና አሰላ ካለው የእንስሳት ሕክምና ጣቢያ ባለሙያ አስጠሩ። የመጣው ገብረወልድ ነው። ይህ ሰው አዲስ አበባ ከአንድ የውጭ አገር ሐኪም ጋር ብዙ ዘመን ሠርቷል፤ እጁ የተባረከ፣ ጠባዩ ግን ለራሱም የማይመች ሰው ነበር። ሥራውን ለሰው ማስረዳትን እንደ ልመና ይቆጥረዋል። ካልጠየቁት አይናገርም፤ ሲጠይቁትም «ቆይተህ ታየዋለህ» ማለት ይቀናዋል። በዚህ አመሉ የተነሣ የደረሰውን ወደ ፊት ታያላችሁ።

ገብረወልድ በመጀመሪያው ችሎት ቀን በአዙሪት የወደቀ የአንድ በግ ራስ አስመጥቶ፣ በሰው ሁሉ ፊት ከፍቶ አንጎሉን በቢላ ሰነጠቀው። ከውስጡ ውሃ የቋጠረች፣ የዶሮ ዕንቁላል የምታህል ስስ ከረጢት ወጣች፤ በግድግዳዋም ላይ ነጫጭ ፍሬዎች ተለጥፈዋል። ከረጢቷ ራሷ ትል ናት፤ በጎቹን የገደለው ይህ ትል እንጂ ማንም አይደለም ብሎ ቢላውን ጠረገ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ቀኛዝማቹ ግን ከተቀመጡበት ሳይነሡ ፈገግ አሉ።

«ቢላው በእጅህ ነው፤ እጅህም በእጅጌህ ውስጥ ነው» አሉት። «ከበጉ ይውጣ ከእጅጌህ ይውጣ በምን አውቃለሁ? ምትሃተኛ ከሰው ጆሮ ሳንቲም ሲያወጣ አይቻለሁ።»

ጉባኤው ሳቀ። ገብረወልድ ቆሽቱ አረረ፤ ደም ሥሩ ተገታተረ። ከዚያም ቢላ ሳይነካው፣ አንጎሉ እንደ ተፈጠረ ሳለ፣ በውስጡ ያለውን ቢያሳያቸው ያምኑ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ቀኛዝማቹ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ የሌለ ስለ መሰላቸው፣ ያን ካሳየኝስ ክሴን አነሣለሁ ብለው በዳኛው ፊት ማሉ። ግራዝማች ወልደሰንበትም ቀጠሮውን ለመጋቢት አደረጉ፤ በዚያ ቀን ዙሀራ እጇን አንጎሉ ባለበት ዕቃ ላይ ጭና መድኃኒት አለማብላቷን እንድትምል አዘዙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደረቅ ወረቀት ብርሃን አያሳልፍም፤ ቅቤ የነካው እንደ ሆነ ግን በወዲያ በኩል ያለው ጣት ይታያል። ወረቀቱ አልሳሳም፤ በውስጡ የነበረውን አየር ቅቤው ስለ ተካው ብርሃኑ ሳይሰናከል አለፈ እንጂ። በአንጎልም ውስጥ ብርሃን ከሚሰናከልበት ነገር ዋናው ውሃው ነው። ስለዚህ አንጎሉ አስቀድሞ ሥጋን ከመበስበስ በሚጠብቅ፣ ፎርማሊን በሚባል መድኃኒት ይጠነክራል፤ ቀጥሎ ከደካማው ጀምሮ እስከ ብርቱው በአልኮል እየተነከረ ውሃውን ቀስ በቀስ ይለቃል፤ በመጨረሻም ውሃው በለቀቀው ቦታ ለወገብ ሕመም የሚታሽ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰረስር የመድኃኒት ቤት ዘይት ይገባል። ያን ጊዜ ሳይቆረጥ ሳይከፈት ከላይ እስከ ታች፣ ከፊት እስከ ኋላ ይታያል። ውሃ ከቀረበት ግን ዘይትና ውሃ አይስማሙምና ሁሉም ወተት ይመስላል። ይህን ሁሉ ገብረወልድ ያውቅ ነበር፤ ለማንም አልተናገረም።

አንጎሉ ትንሽ እንዲሆንለት መዞር የጀመረች ግልገል መረጠ። ግልገሏ በሁለቱም ወገን ፊት ስትታረድ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ክርስቲያን ካረደ እስላሙ፣ እስላም ካረደ ክርስቲያኑ ሥጋዋን ሊበላ አይችልም፤ ጉዳዩ የአንጎል ሳለ ስለ ሥጋው ረፋዱን ሙሉ ተሟገቱ። በመጨረሻ ማንም እንዳይበላት ተባለና ደጉ የሚባለው የቀኛዝማቹ አሽከር ሥጋውንም፣ አንጎሉ የወጣለትን ራስ ቅልም ለጃኖና ለጓደኞቹ ወረወረላቸው። ገብረወልድ ውሾቹ ሲሻሙ ቆሞ አየ። በሽታው ከየት እንደሚመጣ ከውጭ አገሩ ሐኪም ተምሮ ነበርና አፉን ሊከፍት አለና፣ የባለርስቱን ፊት አይቶ መልሶ ዘጋው።

የአንጎሉ ዕቃ፣ ክዳን ያለው ጠርሙስ፣ በዳኛው ግቢ ውስጥ በአንድ ጎጆ እንዲቀመጥ፣ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው እንዲጠብቀው ተወሰነ። ከቀኛዝማቹ ወገን ደጉ፣ ከተከሳሾቹ ወገን ዙሀራ ተመደቡ፤ ሁሴኖ እርሻው ላይ ነበረ። አልኮሉን ያወጣችው ወይዘሮ የውብዳር ናት፤ በሳጉሬ ካሉ አረቄ አውጪዎች ሁሉ የእርሷ ይበረታል ይባላል። ገብረወልድ አንዴ የወጣውን አረቄ ደግማ ደጋግማ እንድታወጣው ሲያዛት፣ «ምን ዓይነት ጠጪ ነው የመጣብኝ!» እያለች ትስቅበት ነበር። ለመጨረሻው መንከሪያ የሚሆነውን ንጹሕ አልኮል ግን ከአዲስ አበባ በአንድ ጠርሙስ ይዞ መጥቷል። አረቄውን በየጊዜው በሁለቱ ጠባቂዎች ፊት እየለወጠ፣ ያው እንደ ልማዱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ አሰላ ይመለስ ነበር።

ዙሀራ ከዕቃው አጠገብ ተቀምጣ ታስባለች። መሐላ ለእርሷ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እውነት የሚምል ሰው እንኳ በንጹሕ እጅ፣ በንጹሕ ነገር ላይ መማል አለበት። ያ ዕቃ ግን በአረቄ የተሞላ ነው። በሐራም ላይ እጄን ጭኜ የአላህን ስም ብጠራ መሐላዬ ምን መሐላ ይሆናል፣ ይባስ ብሎ በልጆቼ ላይ ቢደርስስ ትላለች። በሳጉሬ የገበያ ቀን ደጉ ጨው እገዛለሁ ብሎ ሄደና የየውብዳር ቤት ተቀምጦ ቀረ። ያን ጊዜ ዙሀራ ክዳኑን ከፍታ ፈሳሹን ደፋችው፤ አንጎሉን በንጹሕ ውሃ ደጋግማ አጥባ፣ በንጹሕ ውሃ ሞልታ ከደነችው። አንዳች ጥፋት የሠራች አልመሰላትም፤ ሥጋ በውሃ ታጥቦ ሲበላሽ የት ታይቷል?

በማግስቱ ገብረወልድ ዘይቱን ሊያስገባ መጣ። የደጋው ብርድ ጉንፋን አስይዞት አፍንጫው ተደፍኗል፤ የአረቄው ሽታ አለመኖሩን አላወቀም። የነበረውን ደፍቶ ዘይቱን ሞላ። ዘይቱ ወዲያው ደፈረሰ፤ ጊዜ ሲያገኝ ይጠራል ብሎ ተስፋ አደረገ፣ ቀን ቢጨምርም ግን አልጠራም። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ አንጎሉ በጠርሙሱ ውስጥ የተቀቀለ ዕንቁላል መስሎ ነጭ ሆኖ ቆመ።

ችሎቱ ሊከፈት ሲል ገብረወልድ ከጎጆው ውጭ ዙሀራን ብቻዋን አገኛትና ዕቃውን የነካው ሰው ይኖር እንደ ሆነ ጠየቃት። እርሷም ምንም ሳትሸሽግ፣ «አጥቤዋለሁ እኮ» አለችው። «በአረቄ ላይ እንዴት ልማል? በንጹሕ ውሃ ነው ያጠብኩት፣ ወላሂ።»

ሰውየው ክው አለ። መጀመሪያ ሊቆጣት አሰበ፤ ቀጥሎ ግን ማንም እንዳትነካው ነግሯት እንደማያውቅ ትዝ አለው። ከዚያ የባሰው ነገር በልቡ መጣ፤ ዙሀራ ዕቃውን ደፋችው የሚለው ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ማስረጃውን ያጠፋችው በደሏን ልትሸሽግ ነው ይባላል፤ ፍርዱ ያን ዕለት አለቀ ማለት ነው። ዝም እንድትል ነግሯት ገባ።

ቀኛዝማቹ ጠርሙሱን አዩና በዐቢይ ጾም ዕንቁላል ተቀቅሎ ይቀርብልኛል ብለው አልጠበቁም ነበር ሲሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማች ወልደሰንበት ግን አልሳቁም፤ ምን እንደ ሆነ ጠየቁት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ገብረወልድ። «ውሃውን በሚገባ ሳላወጣለት ዘይቱን አስገባሁ። ማንም የነካው የለም። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ጊዜ ይስጡኝ፤ ያን ጊዜም ካልጠራ የቀኛዝማች ክስ ይጽና፤ እኔም ሁለተኛ በሳጉሬ ለምስክርነት አልቆምም።»

ዙሀራ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ አየችው። ዳኛው ብዙ ካሰቡ በኋላ ፈቀዱ። በዚያ ቀን ግን ገብረወልድ ስሙን አጣ፤ በገበያ ሲያልፍ «አንጎል አበላሹ መጣ» ይሉት ጀመር፣ ስለ ታመመ ከብትም የሚጠይቀው ጠፋ። ኩሩ ሰው ነበርና እንደ እሳት ፈጀው።

በማግስቱ ሁለቱንም ጠባቂዎች፣ የውብዳርንም አስቀምጦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን አስረዳ። የደረቅ ወረቀት ቁራጭ ቅቤ አስነክቶ ወደ ፀሐይ አነሣው፤ ጣቱን ከኋላው አሳያቸው። ዙሀራ ወረቀቱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አገላበጠችው። ከዚያም ዘይቱ ሲገባ አረቄው ይወጣ እንደ ሆነ ጠየቀች፤ አዎን፣ ምንም አይቀርም ባላት ጊዜ፣ ታዲያ ይህን አስቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት አለችው።

ንጹሑ አልኮል አልቋል። ገብረወልድ በአሰላ ለግንባታ ከመጣው ኖራ ውሃ ያልነካውን ለምኖ አመጣና የየውብዳርን ብርቱ አረቄ በላዩ አሳደረው፤ ኖራው በአረቄው ውስጥ የቀረውን ውሃ ጠጣው፣ እርሷም ከኖራው ለይታ መልሳ አወጣችው። አንጎሉ እንደገና ተነከረ፣ እንደገና ደረቀ። ደጉ እንኳ ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወጣም፤ ነገሩ ምን እንደሚሆን ለማየት ጓጉቶ ነበር። ዘይቱ ሲገባ በዚህ ጊዜ አልደፈረሰም። መጀመሪያ የአንጎሉ ጠርዝ ጠፋ፤ ቀጥሎ እጥፋቱ ሁሉ እየሳሳ ሄደ፤ በመጨረሻ ከወዲያ ያለው ግድግዳ በመካከሉ ታየ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በዋለው ችሎት ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። አንጎሉ የማር ወለላ መስሏል፤ በወለላው መካከል ከረጢቷ ከነፍሬዎቿ ተንሳፍፋ ትታያለች፤ ትሉ በሥጋው ውስጥ የሄደበትም መንገድ እንደ ቀጭን ክር ተጠማዝዞ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ገብረወልድ ሁለት ዓይን ያለውን ማጉያ መሣሪያውን ተከለና ቀኛዝማቹን ጋበዛቸው። በሁለት ዓይን ስለሚያዩበት ነገሩ ሥዕል አይደለም፤ ክሩ የቱ ጋ እንደሚጠልቅ፣ የቱ ጋ እንደሚወጣ ይለያል። ቀኛዝማቹ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ጠርሙሱን ራሳቸው አዙረው በሌላው ወገን አዩ፤ የቢላ ምልክት ፈልገው አጡ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«ይህ ነገር በምን ገባ?» አሉ።

ገብረወልድ የፈራው ጥያቄ መጣ። «ከውሻ ነው፣ ቀኛዝማች» አላቸው። «ውሻ የታመመውን በግ ጭንቅላት ሲበላ ትሉ በሆዱ ውስጥ ያድግና ዕንቁላሉን ሣር ላይ ይጥላል። በጉ ያን ሣር ይግጣል። ጭንቅላቱ ቢቀበር ኖሮ ይህ ሁሉ በግ አያልቅም ነበር።»

«የማን ውሻ?»

ጃኖ ከእግራቸው ሥር ተኝቶ ነበር። ቀኛዝማቹ ውሻውን አዩት፣ ጉባኤው እርሳቸውን አየ፤ ከዚያም ክሴን አንሥቻለሁ ብለው በትራቸውን ይዘው ወጡ። ዙሀራ በጠርሙሱ ላይ እጇን ጭና ማለች። ግራዝማች ወልደሰንበትም ባልና ሚስቱ ከመርዘኝነት ነጻ መሆናቸውን ፈረዱ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ተረት በሆነ ነበር። በዚያው ሰሞን ቀኛዝማቹ በርስታቸው ያለ ሰው ሁሉ የበግ ጭንቅላት እንዲቀብር፣ ለውሻ የወረወረ እንዲቀጣ አዘዙ፤ ራሳቸው ጉድጓዱን ከግቢያቸው በታች አስቆፈሩ፣ ውሾቹንም አሳሰሩ። ግንቦት ሲጋመስ ደግሞ ሁሴኖን አስጠርተው በደጃፋቸው አቆሙት።

«ጥፋት የለብህም» አሉት። «ዳኛ ብሏል፤ እኔም ብያለሁ። መሬቱን ግን ሰኔ ሳይገባ ልቀቅልኝ።»

ሁሴኖ ስለ ምን ብሎ ጠየቃቸው።

«አንተን ባየሁ ቁጥር ያን ጠርሙስ አያለሁ።»

ገብረወልድ ይህን ሲሰማ ከአሰላ በበቅሎ ገሥግሦ ዳኛው ዘንድ ደረሰ። ግራዝማች ወልደሰንበት አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ክሱ የመርዝ ክስ ነበር፣ እርሱም ተፈረደ፤ ባለርስት ጭሰኛውን ሲያስለቅቅ ግን ምክንያት እንዲያቀርብ የሚያስገድደው ሕግ የለኝም አሉት። እውነታቸውን ነበር፤ የዚያ ዘመን ወግ እንዲያ ነበረ። ገብረወልድ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ያን ሁሉ አረቄና ያን ሁሉ ዘይት ለዚህ ነው ወይ ብሎ ስለ ራሱም ስለ ባልና ሚስቱም አዘነ።

ሁሴኖና ዙሀራ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ሲወጡ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። የላላውን የአህያ ጭነት አጠበቀላቸው። ዙሀራ ናት ያጽናናችው።

«አይዘኑ» አለችው። «መርዘኛ ተብለን ብንወጣ ማን ደጁን ይከፍትልን ነበር? አሁን ጀጁ ወረዳ የሁሴኖ ዘመድ አለ፤ የዚያ ባለርስትም ነገሩን ሰምቶ ኑ ብሎናል።»

ገብረወልድ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወረ። ጠርሙሱ አዲስ አበባ ተወስዶ በአንድ የእርሻ ትርዒት ላይ ቆመ፤ በላዩም «የበግ አንጎል፤ አሩሲ» ከሚል በቀር የተጻፈ አልነበረም። ጎብኚው የአንድ የውጭ አገር ሐኪም ሥራ መሰለው። ሳጉሬ ደግሞ ያስታወሰችው ሌላውን ነው፤ የበግ ጭንቅላት የሚቀበርበትን ስፍራ የቀኛዝማች ጉድጓድ አለችው፣ ሰዉም በደግ ሥራቸው መረቃቸው፤ ገብረወልድን ግን ያስታወሰው ሁሉ መጀመሪያ አንጎሉን ያበላሸ ሰው እያለ አስታወሰው። ያጠበችው ሴት በሳጉሬ ታሪክ ውስጥ የለችም።

በጀጁ፣ ከአርቦዬ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር ግን በግ በዞረ ቁጥር፣ ገና ሳይታረድ፣ አንዲት ሴት ዶማ ይዛ ጉድጓድ ትቆፍር ነበር። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ ሳቁባት፤ በጎቿ ሲተርፉ አይተው እነርሱም መቆፈር ጀመሩ። ይህን ማን አስተማረሽ ሲሏት ዙሀራ መልሷን አትለውጥም ነበር፤ «ገብረወልድ የሚባል ሰው» ትላቸዋለች። «ስለ እኔ አንድ ጊዜ የዋሸ፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ያሳየ።»